የአምስት ሴንቲሜትር ዋጋ፤ የመስክ መኪናን ከፍ የማድረግ አጭር ታሪክ

የተሽከርካሪ ታሪክ በሚጻፍበት ጊዜ ቅድሚያ የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ ለሞተሩ ነው። የፈረስ ጉልበቱ፣ የነዳጅ ፍጆታውና የፍጥነቱ ወሰን የአንባቢን ዓይን ይስባሉ። በሻንሲውና በጎማው መካከል ተሸሽጎ የሚሠራው የባሌስትራ፣ የሞላና የሾክ አብዞርበር ሥርዓት፣ በተለምዶ ሳስፔንሽን የሚባለው፣ እንዲህ ያለ ዕድል አያጋጥመውም። ይሁን እንጂ አንድ መኪና ጭቃና ድንጋይ የበዛበትን መንገድ ማለፍ መቻሉንና በጠመዝማዛ መንገድ ሳይገለበጥ መታጠፉን በአመዛኙ የሚወስነው ይኸው ክፍል ነው።

ባለፉት ጥቂት አሥርተ ዓመታት፣ በተለይም በዩናይትድ ስቴትስ፣ በመስክ መኪና ባለቤቶች ዘንድ አንድ ልማድ ተስፋፍቷል። ይኸውም ከአሉሚኒየም ወይም ከፖሊዩሬቴን የተሠራና ውፍረቱ ከጥቂት ሴንቲሜትር የማይበልጥ፣ ስፔሰር የሚባል ቀለበት በሞላው አናት ላይ በማስገባት መኪናን በመኖሪያ ቤት ጋራዥ ከፍ ማድረግ ነው። ሥራው በአንድ ቅዳሜ ሊጠናቀቅ ይችላል፤ ወጪውም አዲስ ሞላና አዲስ ሾክ አብዞርበር ከመግዛት እጅግ ያነሰ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ትንሽ ቀለበት የመጣበትን ረጅም መንገድ መከተል፣ በእርሱም የሚገኘው ከፍታ ከየት እንደሚመጣና ዋጋው በምን እንደሚከፈል መመርመር ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሠረገላ እስከ ጂፕ

የተሽከርካሪ ከፍታ ጥያቄ ከሞተር በፊት የነበረ ነው። በቀድሞው ዘመን ሠረገላ የፊቱንና የኋላውን አክስል የሚያያይዝ ከባድ የእንጨት ወራጅ ነበረው። እንግሊዛዊው ሠረገላ ሠሪ ኦባዳያ ኤሊየት በ1804 ዓ.ም. በሞላላ ቅርጽ የተገጣጠመ ባሌስትራ ሠርቶ በተከታዩ ዓመት የፈጠራ መብት አገኘበት። በዚህ አሠራር የሠረገላው አካል በቀጥታ በባሌስትራው ላይ ስለሚያርፍ ከባዱ ወራጅ አስፈላጊ መሆኑ ቀረ፤ ሠረገላውም ቀለለ። እንግዲህ ባሌስትራ ከመጀመሪያው ሁለት ሥራ ነበረው፤ አንደኛው የመንገድን ንዝረት ማብረድ፣ ሁለተኛው አካሉ ከመሬት የሚርቅበትን መጠን መወሰን ነው። እነዚህ ሁለት ተግባራት በአንድ ዕቃ ላይ መጣመራቸው ኋላ ለሚመጣው ችግር ሁሉ ምንጭ ሆኗል።

በ1908 ዓ.ም. ለገበያ የቀረበው የፎርድ ሞዴል ቲ ከፊትና ከኋላ አንዳንድ አግድም ባሌስትራ ነበረው። በዚያን ጊዜ ከአሜሪካ ከተሞች ውጭ የነበረው መንገድ በዝናብ ጊዜ ጭቃ፣ በበጋ ደግሞ የጋሪ ጎማ የቦረቦረው አፈር ስለነበረ መኪናው ከመሬት ራቅ ብሎ መሠራቱ ግድ ነበር። ምርቱ እስከተቋረጠበት እስከ 1927 ዓ.ም. ድረስ ከ15 ሚሊዮን በላይ ሞዴል ቲ ተሠርቷል። ከዚያ በኋላ መንገዱ በአስፋልት እየተሸፈነ ሲሄድ የቤት መኪናዎች እያደር ዝቅ አሉ። ዝቅ ያለ መኪና በፍጥነት ሲታጠፍ ይበልጥ የተረጋጋ መሆኑን መሐንዲሶቹ ያውቁ ነበርና። ከፍታ የሚያስፈልገው ሰው ግን ለብቻው የተሠራ ተሽከርካሪ መፈለግ ነበረበት።

ያ ተሽከርካሪ የመጣው ከጦርነት ነው። የአሜሪካ ሠራዊት በ1940 ዓ.ም. ቀላልና በአራቱም ጎማ የሚነዳ የቅኝት መኪና እንዲሠራለት ለፋብሪካዎች ጥሪ ባደረገ ጊዜ፣ ባንታም የተባለው አነስተኛ ኩባንያ መሐንዲሱን ካርል ፕሮብስትን ቀጥሮ የመጀመሪያውን ናሙና በዚያው ዓመት መስከረም ወር አስረከበ። ከዚያም ዊሊስና ፎርድ በብዛት ያመረቱት ጂፕ እስከ 1945 ዓ.ም. ድረስ ወደ 640,000 ገደማ ደረሰ። ጂፕ በአራት ባሌስትራዎች ላይ የቆመ ሲሆን፣ ባሌስትራዎቹ ከአክስሉ በታች የታሠሩ ነበሩ። ይህ አነስተኛ ዝርዝር ቢመስልም በኋላ ዘመን ብዙ ሥራ የተሠራበት ነው።

ባሌስትራ በቤት ጋራዥ

ጦርነቱ ሲያበቃ ከሠራዊት የተረፉ ጂፖች በግለሰቦች እጅ ገቡ፤ ዊሊስም በ1945 ዓ.ም. ለሲቪል አገልግሎት የተዘጋጀውን ሲጄ 2ኤ የተባለ ሞዴል ማምረት ጀመረ። ባለቤቶቹ በሥራ ቀን ለእርሻ፣ በዕረፍት ቀን ደግሞ ለተራራ ጉዞ ይጠቀሙበት ነበር። በ1953 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ ሩቢኮን በተባለው የድንጋይ መንገድ የመጀመሪያው የጂፖች የኅብረት ጉዞ ተደረገ። ፎር ዊለር የተባለው መጽሔት በ1962 ዓ.ም. መታተም ጀመረ። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ በሜክሲኮ በባሃ ካሊፎርኒያ በረሃ የረጅም ርቀት ውድድር ተጀመረ። በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ጥያቄ ዘወትር ይነሣ ነበር፤ ትልቅ ጎማ ለመግጠም መኪናውን እንዴት ከፍ ማድረግ ይቻላል የሚለው ነው።

በባሌስትራ ዘመን መልሱ ሦስት ነበር። የመጀመሪያው በባሌስትራው ላይ ተጨማሪ ቅጠል ማስገባት ነው። ይህ መኪናውን ከፍ ያደርገዋል፤ ነገር ግን ባሌስትራው ይበልጥ ግትር ስለሚሆን ባዶውን ሲነዳ ተሳፋሪውን ያንገጫግጫል። በአገራችን ጋራዦችም ጭነት ለሚበዛበት መኪና ቅጠል መጨመር የቆየ ልማድ ነው። ባሌስትራ፣ ሞላ፣ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ክሪክ የተባሉት ቃላት ከጣሊያንኛ መጥተው በመካኒኮቻችን አንደበት መቅረታቸው የዚህ ሙያ ታሪክ አንድ ምስክር ነው።

ሁለተኛው መልስ ባሌስትራውን ከሻንሲው ጋር የሚያገናኘውን ማንጠልጠያ በረጅም መተካት ነው። ማንጠልጠያው የሚገኘው በባሌስትራው አንድ ጫፍ ብቻ፣ አክስሉ ደግሞ በመካከሉ ስለሆነ፣ ማንጠልጠያው በ10 ሴንቲሜትር ሲረዝም መኪናው ከፍ የሚለው በ5 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። በተጨማሪም አክስሉ በጥቂቱ ስለሚሽከረከር የፊት ጎማዎች መሪያቸውን ወደ መካከል የሚመልሱበት ዘንበል ያለ ማዕዘን ይዛባል። ሦስተኛው መልስ ከአክስሉ በታች የነበረውን ባሌስትራ ወደ አክስሉ አናት ማዛወር ነው። በጂፕና በቀድሞዎቹ የቶዮታ ላንድክሩዘር ሞዴሎች ላይ የተለመደው ይህ ዘዴ ከፍ ያለ ጭማሪ ያስገኛል፤ በዚያው ልክ ግን ካርዳኑ፣ የመሪው ዘንግና የፍሬኑ ቱቦ ሁሉ እንደገና እንዲስተካከሉ ያስገድዳል።

ከእነዚህ ሦስቱ አንዱም ቢሆን ያለ ዋጋ አልተገኘም። ዋጋውም ለዓይን የሚታይ ነበር። መኪናው ይንገጫገጫል፣ መሪው ይባክናል፣ ካርዳኑ ይንቀጠቀጣል፤ ባለቤቱም ወዲያው ይረዳዋል።

ሞላ ባሌስትራን ሲተካ

ለውጡ በሁለት አቅጣጫ መጣ። ከኢንዱስትሪው ወገን ኧርል ማክፈርሰን የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ ሞላንና ሾክ አብዞርበርን በአንድ ቋሚ ምሰሶ ያጣመረ ንድፍ ሠራ፤ ንድፉም በ1950 ዓ.ም. በእንግሊዝ በተሠሩት ፎርድ ኮንሰልና ዜፊር መኪናዎች ላይ ዋለ። ከመስክ መኪና ወገን ደግሞ በስፔን ኪንግ መሪነት የተነደፈው ሬንጅ ሮቨር በ1970 ዓ.ም. ሲቀርብ ድፍን አክስሎቹ በባሌስትራ ሳይሆን በረጃጅም ሞላዎች ላይ አረፉ። ሞላው ለስላሳና ረጅም እንቅስቃሴ ያለው በመሆኑ አንዱ ጎማ ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ሌሎቹ መሬት ሳይለቁ መቆየት ቻሉ።

ሌሎቹም ተከተሉ። በ1984 ዓ.ም. የቀረበው ጂፕ ቼሮኪ ከፊት ሞላ ነበረው፤ በ1990 ዓ.ም. የወጣው ላንድክሩዘር 80 በአራቱም በኩል፣ በ1997 ዓ.ም. ሞዴልነት የቀረበው ጂፕ ራንግለርም እንዲሁ በአራቱም በኩል ሞላ ያዙ። በአገራችን በስፋት የሚታወቀው ላንድክሩዘር 70 የከባድ ሥራ ሞዴሉ እስከ 1999 ዓ.ም. ድረስ በፊትም በኋላም በባሌስትራ የቆየ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ የፊቱ በሞላ ተተካ፤ የኋላው ግን በባሌስትራነቱ ጸና።

ስፔሰር ሊወለድ የቻለው ከዚህ ለውጥ በኋላ ነው። ሞላ በሁለት መቀመጫዎች መካከል የሚቆም ነው፤ በአንደኛው መቀመጫና በሞላው መካከል ቀለበት ከገባ መኪናው ከፍ ይላል። ቅጠል መቀጥቀጥ፣ አክስል መበየድ፣ ማንጠልጠያ መለወጥ አያስፈልግም። የፊት ጎማዎቻቸው ለየብቻ በሚንቀሳቀሱ መኪናዎች ደግሞ ቀለበቱ በምሰሶው አናትና በሻንሲው መካከል በቡሎን ይታሠራል።

በቤት ውስጥ የሚሠራው ሥራ

የቤት ጋራዥ ባህል ራሱ የራሱ ታሪክ አለው። በእንግሊዝ ጆን ሄይንዝ በ1966 ዓ.ም. የመጀመሪያውን የጥገና መመሪያ መጽሐፉን አሳትሞ፣ አንድ ባለቤት መኪናውን በገዛ እጁ ፈትቶ መግጠም እንደሚችል በፎቶግራፍ አሳየ። የስፔሰር ሥራም የዚህ ባህል ልጅ ነው፤ ቅደም ተከተሉም ቀላል ይመስላል። የኋላ ጎማዎች በታኮ ይያዛሉ፤ መኪናው በክሪክ ከተነሣ በኋላ ሻንሲው በጠንካራ መቆሚያ ላይ ያርፋል። በክሪክ ብቻ ከተያዘ መኪና ሥር መግባት ሕይወትን ለዕድል አሳልፎ መስጠት ነውና። ጎማው ይወልቃል፤ የማረጋጊያው ዘንግ ይፈታል፤ የታችኛው ክንድ ተደግፎ የምሰሶው የላይና የታች ዳዶዎች ይፈታሉ። ቀለበቱ ተቀምጦ ሁሉም ይመለሳል። ቀለበቱ በምሰሶው አናት ላይ ብቻ የሚቀመጥ ከሆነ ሞላውን መጭመቅ አያስፈልግም፤ ለዘዴው ተወዳጅነት ትልቁ ምክንያትም ይህ ነው። ጥንካሬው በእያንዳንዱ ሚሊሜትር 60 ኒውተን የሆነ ሞላ በ15 ሴንቲሜትር ሲጨመቅ 675 ጁል ያህል ጉልበት ያከማቻል። ይህም 69 ኪሎ ግራም ክብደት ከአንድ ሜትር ከፍታ ሲወድቅ የሚፈጥረውን ያህል ነው። ከመጭመቂያው ያመለጠ ሞላ ሰው ሊገድል የሚችለው ስለዚህ ነው።

በሥራው ፍጻሜ ሁለት ነገሮች ብዙ ጊዜ ይዘነጋሉ። የመጀመሪያው በክንዶቹ ሥር ያሉት የጎማ ቡሽንጎች ቡሎኖቻቸው መጥበቅ ያለባቸው መኪናው በጎማዎቹ ቆሞ ሙሉ ክብደቱን ሲሸከም መሆኑ ነው። በአየር ላይ ሳለ ከጠበቁ ጎማው ዘወትር ተጠምዝዞ ስለሚኖር ቶሎ ይቀደዳል። ሁለተኛው የፊት ጎማዎች አቅጣጫ በመለኪያ መሣሪያ እንደገና መስተካከል እንዳለበትና የፊት መብራቶቹም ዝቅ መደረግ እንዳለባቸው ነው። አለበለዚያ የመጀመሪያው ጎማዎችን ያለ ዕድሜያቸው ያስረጃል፤ ሁለተኛው ከፊት ለፊት የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ያሳውራል።

ከፍታው ከየት ይመጣል?

በብዙ ባለቤቶች ዘንድ ስፔሰር ሞላውን ያጠነክረዋል የሚል እምነት አለ። ይህ ስሕተት ነው። የሞላ ርዝመት የሚወሰነው በሚሸከመው ጭነት ሲሆን፣ ቀለበት ሲገባ ጭነቱ ስለማይለወጥ ሞላው በፊት በነበረው ርዝመት ይቆያል፤ ከፍ የሚለው በላዩ ያለው አካል ብቻ ነው። የፊት ምሰሶው ከክንዱ እኩሌታ ገደማ ላይ በሚታሠርባቸው መኪናዎች ደግሞ በአናቱ የገባ 2.5 ሴንቲሜትር ቀለበት በጎማው ዘንድ 5 ሴንቲሜትር ገደማ ጭማሪ ይሰጣል። ይህን ሬሾ ያልተረዳ ሰው ባለ 5 ሴንቲሜትር ቀለበት ገዝቶ ያልጠበቀው 10 ሴንቲሜትር ይገጥመዋል።

ታዲያ ከፍታው ከየት መጣ? ድፍን አክስል ባለው መኪና ላይ ሾክ አብዞርበሩ ለብቻው ስለሚታሠር ርዝመቱ አልተጨመረለትም። አካሉ በ5 ሴንቲሜትር ከፍ ሲል ሾክ አብዞርበሩ በዚያው ልክ ተዘርግቶ ይቆማል፤ ጎማው ወደ ጉድጓድ ለመውረድ የነበረው እንቅስቃሴም በ5 ሴንቲሜትር ይቀንሳል። ወደ ላይ ሲመታ ደግሞ ቀለበቱ የሞላውን ቦታ ስለያዘ፣ የማቆሚያው ጎማ ካልተራዘመ በቀር የሞላው ጥቅልሎች ቀድመው ሊገጣጠሙ ይችላሉ። ምሰሶ ባለው መኪና ላይ የምሰሶው እንቅስቃሴ አይቀንስም፤ ነገር ግን ሁሉም ወደ ታች ስለሚዛወር ክንዱ ፋብሪካው ካሰበው በላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ የቦል ጆይንቱና የጎማ ማሽከርከሪያው ዘንግ መገጣጠሚያ ከወሰናቸው በላይ ይታጠፋሉ። ትላልቅ የከፍታ ዕቃዎች የፊቱን ዲፈረንሻልና የክንዶቹን ማያያዣዎች አብረው ዝቅ የሚያደርጉት ይህን ለማስቀረት ነው።

ከዚህም በላይ በድፍን አክስል ላይ የመኪናው ዝቅተኛ ክፍል የሆነው የዲፈረንሻል ሆድ በስፔሰር ምክንያት በአንድ ሚሊሜትር እንኳ ከመሬት አይርቅም። እርሱን ከፍ የሚያደርገው ትልቅ ጎማ ብቻ ነው። ስፔሰሩ የሚያስገኘው ለትልቁ ጎማ የሚሆን ቦታና አካሉ ድንጋይ ሳይነካ የሚያልፍበት ማዕዘን ነው። በአጭሩ የተገኘው ከፍታ አዲስ ሀብት ሳይሆን ከጎማው የቁልቁል እንቅስቃሴ፣ ከመገጣጠሚያዎች ዕድሜና ከመኪናው ሚዛን የተወሰደ ብድር ነው።

ሚዛንና ሕግ

ሚዛኑን በቁጥር ማሳየት አስቸጋሪ አይደለም። የመኪናው የግራና የቀኝ ጎማዎች ርቀት ለክብደት ማዕከሉ ከፍታ እጥፍ ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር የመገልበጥ ዝንባሌውን ያመለክታል። የጎማዎቹ ርቀት 150፣ የክብደት ማዕከሉ ከፍታ 70 ሴንቲሜትር ቢሆን ውጤቱ 1.07 ነው። ማዕከሉ በ5 ሴንቲሜትር ቢጨምር ወደ 1.00 ይወርዳል። አክስሎቹና ጎማዎቹ ባሉበት ስለሚቆዩ ትክክለኛው ጭማሪ ከዚህ በጥቂቱ ቢያንስም፣ ትልቅ ጎማ ሲታከልበት ልዩነቱ ይካካሳል። የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ከ2001 ዓ.ም. ሞዴሎች ጀምሮ ይህን ቁጥር ለሕዝብ ማሳወቅ ሲጀምር፣ አብዛኞቹ የቤት መኪናዎች ከ1.30 እስከ 1.50፣ ከፍ ያሉት የመስክና የጭነት መኪናዎች ግን ከ1.00 እስከ 1.30 ባለው ክልል ውስጥ ይገኙ ነበር። እንግዲህ የመስክ መኪና ባለቤት ብድሩን የሚጠይቀው መጀመሪያውኑ ጥቂት ካለው ላይ ነው።

ጉዳዩ የሕዝብ መነጋገሪያ የሆነው ቀደም ብሎ ነበር። በ1988 ዓ.ም. የአሜሪካ የሸማቾች ማኅበር ሱዙኪ ሳሙራይን በመገልበጥ ምክንያት ተቀባይነት የለውም ብሎ አወጀ፤ ኩባንያው በ1996 ዓ.ም. ክስ መሥርቶ ክርክሩ በስምምነት የተዘጋው በ2004 ዓ.ም. ነው። በ2007 ዓ.ም. የወጣው የአሜሪካ ደንብ ደግሞ ከመስከረም 2011 ዓ.ም. ጀምሮ በቀላል ተሽከርካሪዎች ሁሉ ላይ ኤሌክትሮኒክ የሚዛን መቆጣጠሪያ እንዲገጠም አስገደደ። ይህ መሣሪያ መኪናው ሲንሸራተት እያንዳንዱን ፍሬን ለየብቻ በመያዝ አቅጣጫውን ያስተካክላል፤ ስሌቱ የተዘጋጀው ግን ፋብሪካው ለሚያውቀው ከፍታና ለሚያውቀው ጎማ ነው።

ሕግ አውጪዎችም ዝም አላሉም። የሰሜን ካሮላይና ክፍለ ሀገር ከታኅሣሥ 1 ቀን 2021 ዓ.ም. ጀምሮ፣ የፊቱ ጭቃ መከላከያ ከኋላው በ4 ኢንች ወይም ከዚያ በላይ ከፍ ያለበትን መኪና በመንገድ ላይ መንዳት ከለከለ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አፍንጫው ወደ ሰማይ የተነሣ መኪና ሾፌር ከፊቱ ያለውን መንገድና እግረኛ ማየት ይሳነዋል። እዚህ ላይ ብድሩ ከባለቤቱ አልፎ ስለ ስፔሰር ሰምቶ በማያውቅ ሌላ ሰው ሕይወት ይከፈላል።

የባለሙያው ድርሻ

ይህ ሁሉ ሲባል በቤት ውስጥ የሚሠራ ሥራ ሁሉ ይወገዝ ማለት አይደለም። ጂፕን ከጦር ሜዳ ወደ ተራራ ያሻገሩት በገዛ እጃቸው የሚሠሩ ሰዎች ናቸው፤ ብዙ የፋብሪካ ማሻሻያዎችም መጀመሪያ የታሰቡት በእነርሱ ጋራዥ ነው። መጠኑን የጠበቀ ቀለበት፣ ተስማሚ ርዝመት ካለው ሾክ አብዞርበርና ከተራዘመ የማቆሚያ ጎማ ጋር ተገጥሞ፣ የጎማው አቅጣጫና የፍሬኑ ቱቦ ርዝመት ከተመረመረ ለዓመታት በሰላም ሊያገለግል ይችላል።

ልዩነቱ ያለው ዋጋውን በማወቅና ባለማወቅ ላይ ነው። በባሌስትራ ዘመን መኪናው ራሱ በመንገጫገጩ ዋጋውን ለባለቤቱ ይነግረው ነበር። ስፔሰር ግን ዝምተኛ ነው። ሞላው እንደ ቀድሞው ለስላሳ ስለሚሆን መኪናው በከተማ መንገድ ላይ ምንም ያልተለወጠ ይመስላል፤ ብድሩ የሚጠየቀው ልጅ ድንገት ወደ መንገድ ሲገባና ሾፌሩ በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት መሪውን በኃይል ሲጠመዝዝ ነው። በፋብሪካ የመኪናውን ክንድ የሚነድፈው መሐንዲስ ሞላውን፣ መሪውንና ፍሬኑን ከሚነድፉት ጋር በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጦ ይመካከራል። በቤት ጋራዥ ውስጥ ግን ያ ጠረጴዛ የለም።

ያን ጠረጴዛ መተካት የሚችለው የሙያው ሰው ነው። ጎረቤቱ፣ ዘመዱ ወይም የሚሠራበት ድርጅት የመስክ መኪናን ከፍ ለማድረግ ሲያስብ መሐንዲሱ ሊያቀርባቸው የሚገቡ ጥያቄዎች ጥቂትና ግልጽ ናቸው። መኪናው የሚሄድበት መንገድ ይህን ከፍታ በእርግጥ ይጠይቃልን? የጎማው የቁልቁል እንቅስቃሴ ምን ያህል ቀረ? የክብደት ማዕከሉ ምን ያህል ከፍ አለ? በጣሪያው ላይ ጭነት ይጫናልን? ከሥራው በኋላስ ማን ይመረምረዋል? ለእነዚህ መልስ የተገኘላቸው 5 ሴንቲሜትሮች ጥሩ ምሕንድስና ናቸው፤ መልስ ያልተገኘላቸው ግን ቀኑ ያልተወሰነ ዕዳ ሆነው ይቆያሉ።